ሳይረኑ ሆጤ ሲደርስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል። የጭነት መኪኖች በዳገቱ ሲያቃስቱ እያዘንንላቸው ሆጤ ደረስን። ሻይ አዘን እንደተቀመጥን ሳይረን ሰማን።

ቀይዋ የእሳት አደጋ መኪና መጥታ ከፊታችን ቆመች። ከፊቷ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ፊት ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ፣ ከዚያ ወዲያ እሳቱን ለማየት የሚሮጥ ሰው። አንዲት እናት ከሱቃቸው ወጥተው፣ «ያ ጀመዓ፣ መንገድ ልቀቁ እንጂ! ቤቱ የእናንተ ቢሆንስ?» ብለው ጮኹ። መኪናዋ ያለፈችው ከዚያ በኋላ ነው። ኋላ እንደሰማነው አንድ ማድ ቤት ተቃጥሎ ሰው ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ።

ውድ አንባብያን፣ ይህች መኪና የምትሸከመውን አስቡት። 5,000 ሊትር ውሃ ብትይዝ 50 ኩንታል ማለት ነው፤ ያንን ይዛ ነው በጦሳ ሥር ያለውን ዳገት የምትወጣው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃን ከጉድጓድ ወደ ፓምፕ የሚገፋው ይኸው ግፊት ስለሆነ፣ በጠረፍ እስከ 10 ሜትር ሊስብ የሚችል ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር እንኳ አይሞላለትም። ሬድዮውም ቢሆን ተራራ ይጋርደዋል፤ ድምፁን ተቀብሎ የሚያሻግር መሣሪያ ከፍታ ላይ መተከል አለበት። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ደግሞ የሁለቱም አይሰማም። ስለዚህ ንግግሩ አጭር ነው፦ ሰፈሩ የት ነው? ምን ይቃጠላል? ውስጥ ሰው አለ?

ደሴ እሳትን ከጥንት ታውቀዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ተቀጣጣይ ቦምብ ጥለውባት ቤቶቿ ነደዋል፤ ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። ያ የጠላት እሳት ነበር። የመንገድ መዘጋት ግን የራሳችን ሥራ ነው፤ የደሴም ብቻ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 አዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው በሆጤ ስናልፍ እኚያ እናት ከሱቃቸው ፊት የተደረደረውን ጀሪካን በልጆቻቸው ወደ ውስጥ ያስገባሉ።

«ትናንት በሰው ስጮህ ለካ የኔውም መንገድ ላይ ኖሯል» አሉን እየሳቁ።