ሰባት እስኪቆጠር

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። ሀርለም፣ 125ኛው መንገድ ከሁለተኛ አቬኑ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ነን። ጋቢና ተቀምጬ በእግሮቼ መሃል አንድ ቦርሳ ይዣለሁ፤ ውስጡ ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ከአዲስ አበባ የተላከ በርበሬና ሽሮ አለ። ሦስት ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልሎም ሽታው መኪናውን ሞልቶታል። አጎቴ መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ አደረጉና፣ "ይሄ ካምሪ ገና ሃያ ዓመት ቢነዳ ይህ ሽታ አይለቀውም" አሉ። ቅር ያላቸው ግን አይመስሉም።

አውቶቡሴ ከቻይና ታውን የሚነሳው 11 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ትኬቱ ላይ ግን ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ያልተገኘ ተሳፋሪ ወንበሩን እንደሚያጣ ተጽፏል። የቀረኝ 27 ደቂቃ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቦርሳ ስፈታና ስቋጥር ነው ሌሊቱ ያለቀው። የምሥራቅ ወንዝን ታክኮ የሚወርደው ኤፍዲአር ድራይቭ መብራት የሌለው መንገድ ስለሆነ እሱን እንይዛለን ብዬ ነበር። ለካ ያን ሌሊት ለጥገና ተዘግቷል። የቀረን መሃል ከተማውን ሰንጥቆ መውረድ ነው።

"ጋሼ፣ እስከ ታች ስንት የትራፊክ መብራት አለ?"

"እስከ ሃውስተን ስትሪት? ከመቶ በላይ።"

ሆዴ ባዶውን ቀረ። እኔ በቪትዜ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ስሄድ መብራቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ግን አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ከመቶ በላይ መብራት በ27 ደቂቃ! "እባክዎ ትንሽ ነካ ነካ ያድርጉት" አልኳቸው። አጎቴ ቀበቶዬን መልሰው በእጃቸው ጎተት አድርገው አዩና፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ጉዞ ጀመሩ።

እኚህ ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ 26 ዓመት ቢጫ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በደርግ ዘመን ከፒያሳ መርካቶ ውይይት ይነዱ ነበር። ለማያስታውስ ወጣት፣ ውይይት ማለት ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ታክሲ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በዚያ ዘመን ከነበረው የውይይት መድረክ ነው። ሾፌርነታቸውን ስለማውቅ ዝም አልኩ፤ የፍጥነት መቁጠሪያውን ግን በዓይኔ ጥግ አየዋለሁ። 25 ማይል ላይ ቆሟል። በእኛ 40 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ባዶ መንገድ፣ አራት መስመር፣ 40 ኪሎ ሜትር!

በዚህ መሃል አንድ ጥቁር የአፕ ታክሲ በግራ በኩል ደርቦን ተፈተለከ። የኋላ መብራቱ እየራቀ ሲሄድ ቅናት ያዘኝ። ከአምስት መንገድ በኋላ ግን ቀይ ይዞት ቆሞ አገኘነው። እኛ በዚያችው በ40 ደረስን፤ አጎቴ ፍሬን ሊይዙ ነው ብዬ እግሬን ሳጠነክር፣ አፍንጫችን መስቀለኛው ላይ ሊገባ ሲል አረንጓዴ በራ። ቆሞ የነበረው ሞተሩን አስጩኾ እስኪነሳ እኛ አልፈነዋል። ወዲያው እንደገና ደረበንና እየጋለበ ሄደ። እንደገና ቀይ ያዘው። እንደገና ደረስንበት። ይህ ነገር አራት ጊዜ ተደገመ።

"ፍሬኑን ነው የሚጨርሰው" አሉ አጎቴ። "አሁን ወደፊት እይ። ቁጠር።"

"ምኑን?"

"ያ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ጀምረህ ቁጠር።"

ሁለተኛ አቬኑ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ገመድ ነው፤ ከፊታችን ሃያ ሠላሳ መብራት ተደርድሮ ይታያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ስል የሚቀጥለው አረንጓዴ ሆነ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ ሰባት ላይ የሚቀጥለው። በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ ከጧፍ እየተቀባበለ ሲለኮስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ብርሃኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተላለፈ ጨለማውን እየገፋ ይሄዳል። እኛም የዚያ ብርሃን ጫፍ ላይ ተቀምጠን እየወረድን ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ማንሃተን ላይ ከአንዱ መንገድ እስከሚቀጥለው 80 ሜትር ያህል ነው፤ ሃያው ተደምሮ አንድ ማይል ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 80 ሜትርን በሰባት ሰከንድ ይጨርሳል። መብራቶቹ በሰባት ሰባት ሰከንድ ልዩነት እንዲበሩ ከተደረገ፣ ያን ፍጥነት የጠበቀ ሾፌር ቀይ ሳያይ ይወርዳል። የፈጠነ ግን ገና ያልበራ መብራት ላይ ይደርስና ይጠብቃል። አጎቴ ይህን "ግሪኑን መያዝ" ይሉታል። የከተማው የፍጥነት ወሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ከ30 ወደ 25 ማይል ሲወርድ ቁጥሩም አብሮ ተቀየረ። "ድሮ ስድስት ነበር የምንቆጥረው። ሰባት ሲሆን ለምላስም ለእግርም ጊዜ ፈጀብን" አሉ።

ይህ የሆነው ደግሞ መኪና ከመፈጠሩ በፊት በተሰመረ ካርታ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 የከተማዋ ፕላን አውጪዎች 12 አቬኑና 155 አግዳሚ መንገድ በማስመሪያ አስምረው፣ ገና እርሻና ኮረብታ በነበረው ደሴት ላይ አስቀመጡት። ርቀቱ እኩል ስለሆነ ቆጠራው እኩል ነው። አዲስ አበባ ግን የተወለደችው ከፍልውሃ ዳር ከተተከለ ድንኳን ነው፤ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እየተባለ ከተማው ከሰፈር ወደ ሰፈር በቅሎ በሄደበት መንገድ ተያያዘ። አንዱ መስቀለኛ 100 ሜትር ላይ፣ ሌላው 600 ሜትር ላይ፣ መሃሉ ላይ አደባባይ። እዚያ ማን ሰባት ይቆጥራል? ለብዙ ዓመታት መስቀል አደባባይን እኮ ያለ መብራት፣ በዓይንና በክላክስ እየተነጋገርን ነው ስንሻገር የኖርነው።

"ሁለተኛ አቬኑ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ነው ይህ የሚሠራው" አሉ አጎቴ፣ 96ኛን ስናልፍ። ሁለተኛ አቬኑ ባለ አንድ አቅጣጫ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ለሁለት አቅጣጫ ግን ይቸግራል፤ ወደ ታች ለሚወርደው የተመቸ ቆጠራ ወደ ላይ ለሚወጣው ግንብ ይሆንበታል። "ፓርክ አቬኑ ላይ ብንሆን መብራቱ ሁሉ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ ነው። እዚያ የሚያልፈው ጋላቢ ነው። እዚህ የሚያልፈው ቆጣሪ ነው።"

ድሮ ግን መብራቱ በራሱ አይቆጥርም ነበር፤ አምስተኛ አቬኑ ላይ እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያዎቹ የመብራት ማማዎች ሲተከሉ ፖሊስ ውስጣቸው ተቀምጦ በእጁ ነበር የሚለዋውጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ክሊቭላንድ ውስጥ የሚኖር ጋሬት ሞርጋን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ወላጆቹ ከባርነት የወጡ፣ ከ"ሂድ" እና "ቁም" መሃል ሁሉም ወገን ለአፍታ የሚቆምበትን ሦስተኛ ምልክት የያዘ መሣሪያ የፈጠራ መብት አወጣበት። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ዳሽቦርዱን መታ መታ አድርገው "አየህ፣ ይህን መሣሪያ ያሰበው የኛው ሰው ነው" አሉ፤ ከዚያ ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ። አረንጓዴ ላይ ሲሆኑ ብዙ አያወሩም። ከንፈራቸው ብቻ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

60ኛው መንገድ ላይ ካሜራዎቹ ከላይ ተደርድረዋል። ከጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ጀምሮ ከዚህ ወደ ታች የሚገባ መኪና ይከፍላል። በሥራ ቀን በእኛ 11 ሰዓት ንጋት ላይ ክፍያው ለቤት መኪና 9 ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ በፊት የሌሊቱ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። አጎቴ ሰዓቱን አዩና ፈገግ አሉ። ጥቁሩ መኪና ለመጨረሻ ጊዜ ደረበንና ወደ ኩዊንስ በሚወስደው ድልድይ ታጥፎ ጠፋ።

52ኛው ላይ ግሪኑን አጣነው። አንድ የጭነት መኪና የኋሊት እየገባ መንገዱን በሰያፍ ዘጋው፤ ሾፌሩ ወርዶ ለጓደኛው እጁን ያወናጭፋል። እኛ ቆመን ስንጠብቅ ያ ሲቀባበል የነበረ ብርሃን ጥሎን ወደ ታች ወረደ። መኪናው ሲያልፍልን ከፊታችን ያለው ቀይ ነበር። "አሁን ሮጥ ብለን እንድረስበት" አልኩ። አጎቴ ማርሹን እንዳለ ትተው ፍሬን ላይ ተቀመጡ።

"ያለፈ ግሪን አይባረርም። ከኋላ ሌላ ይመጣል። አንድ ደቂቃ ተኩል አይሞላም።"

በዚያች ቀይ ላይ ነው ያን ሌሊት ወደ እኔ ዞረው ያዩኝ።

"ፒያሳ ፈረሰ ይላሉ።"

"ብዙው ፈርሷል።"

"ጊዮርጊስስ?"

"አለ። ምኒልክም በፈረሳቸው ላይ አሉ። ማዶው የዓድዋ መታሰቢያ ሆኗል።"

"ዶሮ ማነቂያስ?"

ቶሎ አልመለስኩም። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው መስቀል ትወዛወዛለች። "ዶሮ ማነቂያ የለም ጋሼ።"

"እዚያ ጥብስ ሳልበላ ተራ አልይዝም ነበር" አሉ። ከዚያ የውይይቱን ተራ ነገሩኝ፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚጭን፣ ተራ አስከባሪው ሳንቲም ሲቀበል መዳፉን እንዴት እንደሚገለብጥ፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትሞት ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እየገፋ ጨዋታውን እንደማያቋርጥ። ሃያ ስድስት ቀን አብሬያቸው ሰንብቼ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ሊጨርሱ ሲሉ አረንጓዴ በራ። አፋቸውን ዘግተው ከአንድ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የያዘን መብራት የለም። 34ኛ፣ 23ኛ፣ 14ኛ። ኢስት ቪሌጅ ሲደርሱ ፎቆቹ ያጥራሉ፤ የምግብ ቤት ወንበሮች በሰንሰለት ታስረው በር ላይ ተደራርበዋል፤ አንድ ሰው ውሻውን እየጎተተ ወይም ውሻው እሱን እየጎተተው ይሄዳል። "በቀን ይህን ሁሉ ብትነግራቸው ይስቁብሃል" አሉ አጎቴ። እውነት ነው፤ በቀን የቆመ ካሚዮን፣ እግረኛ፣ ብስክሌትና አውቶቡስ ቆጠራውን ይበሉታል። ይህ የሌሊት ሾፌር እውቀት ነው።

ሃውስተንን ተሻግረን ክሪስቲ ስትሪትን ይዘን ቻይና ታውን ስንገባ 10 ሰዓት ከ50 ነበር። አምስት ደቂቃ አትርፌ ወረድኩ። አጎቴ የዳቦ ቆሎ ቋጠሮ በመስኮት አቀበሉኝና፣ "ለእህትህ፣ የኔ ናት በልልኝ። አንተ መንገድ ላይ እንዳትጨርሳት" አሉ። ፍሬቻ አብርተው ታጠፉ። ሽቅብ የሚመልሳቸው አንደኛ አቬኑ ነው፤ እሱም አንድ አቅጣጫ ነው፤ እሱም ይቆጠራል።

አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሳ። ወደ ሆላንድ ዋሻ ለመድረስ ግን ደሴቱን በአግድሙ፣ በካናል ስትሪት ማቋረጥ አለበት። እዚህ መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነው፤ የዓሣ መኪናዎች እያራገፉ ነው፤ የቆሻሻ መኪና በየበሩ ይቆማል። መብራት ያዘን። ተነሳን። መብራት ያዘን። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሁላችንም ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት። የቦርሳዬ ሽታ አውቶቡሱን ማዳረስ ጀመረ፤ ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ስልኬ ጮኸ።

"የት ደረስክ?"

"ካናል ላይ ነኝ ጋሼ። መብራት ይዞን።"

"እኔ በሬ ላይ ነኝ፤ ቁልፍ እየፈለግሁ" ብለው እየሳቁ ዘጉት።

በመስኮት ወደ ፊት አየሁ። ቀይ ነው። ከአንድ ጀመርኩ። ሰባት አለፈ፤ ዐሥራ አንድ አለፈ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ስል ሾፌሩ ፍሬኑን ለቀቀ። አርባ ሜትር ያህል ሄድን። መብራት ያዘን።