«አባዬ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?»

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ጓዳ ሳይፈልግ ያውቃል። ግድግዳው ምስጢር አይጠብቅማ! ማን እንዳኮረፈ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ ሁሉ ይሰማል። እኔ ግን ለወራት ስሰማው የከረምኩት ድምፅ ከጎረቤት አልነበረም፤ ከገዛ ቤታችን ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሽንት ቤቱ በር ሲጢጥ ይላል፤ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደግሞ... ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከባልዲው በጆግ ሲቀዳ ጭምር ይሰማኛል። አባቴ ነው። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው።

እናቴ «ስኳር እንዳይሆን» ትላለች። እሱ «እርጅና ነው፣ ተዉኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ዝም! ከአባቴ ጋር ስለ ኳሱም ስለ ኑሮ ውድነቱም እናወራለን፤ ከወገብ በታች ስላለው ነገር ግን አባትና ልጅ ምን ብለው ያወራሉ?

አፌን ያስከፈተኝ የአንድ ጎረቤታችን ነገር ነው። ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። «ወገቤን» እያሉ ዓመት ሙሉ ወጌሻ ዘንድ ተመላለሱ፤ ጠበል ገቡ፤ የማስታገሻ ክኒን ዋጡ። በመጨረሻ ሐኪም ሲያያቸው ሕመሙ የወገብ ሳይሆን ከፕሮስቴት ተነስቶ አጥንት የገባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ክረምት ብሎካችን ሥር ድንኳን ጣልንላቸው።

ፕሮስቴት ማለት ከፊኛ ሥር ሆና የሽንት ቧንቧን የከበበች፣ ወንድ ብቻ ያለው ዕጢ ናት። ዕድሜ ሲገፋ ታብጣለች፤ አባቶችን ሌሊት የሚያስነሳውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ካንሰሩ ሲጀምር ጭራሽ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ሲያመኝ እሄዳለሁ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ፣ ካንሰሩ ከዕጢዋ ሳይወጣ ከተደረሰበት አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ ከመቶ 99 በላይ ነው። አጥንትን የመሰለ ሩቅ ቦታ ከደረሰ በኋላ ግን ከመቶ 40 እንኳ አይሞላም።

ምርመራው ከክንድ የሚወሰድ ደም ነው፤ ፒኤስኤ ይባላል። አንዳንዴ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ ይዳስሳል። እውነቱን እናውራ ከተባለ ወንዶቻችንን የሚያስቀራቸው ይቺ ናት! የሰፈር ልጆች መሀል ባነሳኋት ቁጥር የሚከተለው ሳቅ ነው። «ወንድ ልጅ እንዲህ ተደርጎ?!»

እፍረቱ የኛ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ይኸው ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ለፕሬዚዳንቱ እንኳ አልተናገሩም። ባይደን ካንሰር መሆኑን የሰሙት ጃንዋሪ 9 ቀን 2024 ነው። ያን ሁሉ ጦር የሚያዝ ሰው! ደግነቱ በምርመራ ቀድሞ ተደርሶበት ነበር። ኔልሰን ማንዴላም በ2001፣ በ83 ዓመታቸው፣ ለዚሁ በሽታ የጨረር ሕክምና ተከታትለው እስከ 95 ዓመታቸው ኖረዋል።

ሐኪሞች ወንድ ሃምሳ ሲሞላው ስለ ምርመራው ያማክረን ይላሉ። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ደግሞ ከ40 እስከ 45 ባለው ዕድሜ መጀመር አለበት። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ግን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ እብጠትም ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። ካንሰር ሆኖ እንኳ አዝጋሚ ከሆነ፣ ሳይነኩት በክትትል ብቻ የሚያዝበት ጊዜ አለ። «ምርመራ ማለት ቢላዋ ነው» ለሚሉ ይሁንልኝ።

አንድ ቅዳሜ፣ ቡና ላይ፣ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሳለህ?»

«አንተ ደግሞ ቆጣሪ ሆንክ?» አለኝ። ስኒውን አስቀመጠ። ቆየና «አምስቴ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

የዚያ ጎረቤታችንን ነገር አነሳሁበት። አልመለሰልኝም። በሳምንቱ ግን ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እስከ መገናኛ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ደሙን ሰጠ፤ ሐኪሙም ዳሰሰው። ሲወጣ «ይሄው ነው እንዴ?» አለኝ፣ የተታለለ ይመስል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ እብጠት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለሽንቱ መድኃኒት አዘዘለት፤ ከሦስት ወር በኋላ ደሙ ይደገማል። አሁን ሌሊት ሁለቴ ነው የሚነሳው።

የሟቹ ጎረቤታችን ሁለት ወንዶች ልጆች አርባን ተሻግረዋል። የአባታቸው በሽታ እነሱንም እንደሚመለከታቸው የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከማለት አላለፍኩም። እሑድ የዕድር ስብሰባ አለ፤ ታላቅየው አይቀርም።