ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ልጅ ስለ ማዕድ የተጻፈ ምክር

ይድረስ ለተወደድኸው ልጄ፤

ወደ ዋሽንግተን የምትነሣበት ቀን ስለ ተቃረበ፣ ስለ ትምህርትህና ስለ ምግባርህ በቃል የነገርሁህ የሚበቃህ ቢሆንም፣ ሥጋ የነፍስ ማኅደር ናትና፣ ስለ ማዕድህ የማስበውን በጽሑፍ ላስይዝህ ወደድሁ።

አስቀድመህ የነገሩን ጠባይ እወቅ። ኮሌስትሮል ለሰውነት ሕንጻ የሚያስፈልግ፣ አብዛኛውንም ሰውነት ራሱ የሚሠራው ስለ ሆነ በባሕርዩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ቅቤ፣ ጮማና የሚረጋው የፓልም ዘይት ሲዘወተሩ፣ ኤልዲኤል የተባለውን የኮሌስትሮል ተሸካሚ ጉበት ከደም መልሶ የሚቀበልበት ኃይል ይደክማል፤ ይህንም የመቀበያ መንገድ ገልጠው ያስረዱት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። በደም ውስጥ የቀረው ትርፍ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ያለ አንዳች ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲከማች ኖሮ፣ በመጨረሻ ልብን ወይም አንጎልን በድንገት ይመታል።

አንተ ግን መከላከያውን ከጾም ማዕድ እየተመገብህ ያደግህ ነህ፤ የምስር፣ የባቄላና የገብስ አሰር በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ስለሚወጣ፣ ጉበት ሌላ ሐሞት ይሠራ ዘንድ ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ የኑግና የሱፍ ዘይት በቅቤ ፈንታ ሲገባም ኤልዲኤል ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ጾም የሆነ ሁሉ ለደም ይበጃል ብለህ አትታለል፤ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥም የጾም ናቸውና። በምትሄድበት አገር አንዱ የኮካ ኮላ ጣሳ 39 ግራም ስኳር ይዟል፤ ትርፉንም ስኳር ጉበት ትራይግሊሰራይድ ወደሚባል ስብ ይለውጠዋል፣ ይህም ሲደጋገም ሆድን ያገዝፋል፣ ለስኳር በሽታም በር ይከፍታል። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የተሻገሩት ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር በሽታ ብርቅ የሆነባቸው ነበሩ፤ ማዕዳቸውና የአኗኗራቸው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ ግን ደዌው በመካከላቸው በዝቷል።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ የአባቶችህን ጾም ከመብሉ ዓይነት ጋር መጠኑንም ጠብቅ፤ የሁዳዴን 55 ቀን ታግሠህ፣ በፋሲካ ሰሞን በጮማና በቅቤ ብዛት አታፍርሰው። በየቀኑ በእግርህ ተመላለስ፤ እንደ ደረስህም ሐኪም ዘንድ ቀርበህ የደምህን ስብና ስኳር አስለካ፣ ውጤቱንም ሳትሰውር ጻፍልኝ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

አባትህ