«ሳአ» ማለት ሰዓት ነው

ዐወቅሁ የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ ምንም ከማያውቀው ይልቅ ይሳሳታል። እኔም ይህን የተማርሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን «ሳአ» ከምትባል አንዲት የስዋሂሊ ቃል ነው።

በሰሜን ወሎ፥ በሐራ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ፥ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቶ ወሬው የጠፋባቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። ስልክ ስላልነበራቸው ልጁ የሚያውቀው የእኔን ቍጥር ነበር። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ አንድ ማታ ከታንዛኒያ የልጁ ስም ያለበት አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ «ኬሾ ሳአ ታቱ» ይላል። ወደ ኬንያ ሲመላለስ የኖረ አንድ የመኪና ነጂ ብጠይቅ፥ ኬሾ ነገ፥ ሳአ ሰዓት፥ ታቱ ሦስት ማለት መሆኑን ነገረኝ።

ወዲያው ለእናትዮዋ አስታወቅሁ። እርሳቸውም «እንግዲያው ነገ በሦስት ሰዓት ከደጅህ እገኛለሁ» አሉ። እኔ ግን ዐዋቂ ነኝና «የለም እናቴ፤ የውጭ አገር ሦስት ሰዓት በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ ይምጡ» አልኋቸው። «አንተ ታውቃለህ ልጄ» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ጧት የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ስብሰባ ገባሁ። ስወጣ፥ በሦስት ሰዓት ከዚያው ቍጥር ደጋግሞ መደወሉን አየሁ። መልሼ ብደውል የሚያነሣው ጠፋ። እናትዮዋ ግን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቈጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። «ሳአ ሞጃ» አንድ ሰዓት ነው፤ ቀትርም «ሳአ ሲታ»፥ ይኸውም ስድስት ሰዓት ነው። ቃሉን ከዐረብኛ ወሰዱት፤ የግዕዙም ሰዓት ዘመዱ ነው። የእጅ ሰዓትንም «ሳአ»፥ ደቂቃንም «ዳኪካ» ይላሉ። ልዩነቱ እኛ ቍጥሩን ስናስቀድም እነርሱ ማስከተላቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቈጠሩት እናት ልክ ነበሩ፤ ያሳሳትኋቸው እኔ የተማርሁት ነኝ።

ልጁ ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ በደኅና ደወለ። በእነዚያ ቀኖች እናትዮዋ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ ለእኔ ግን ከወቀሳ የከፋው ያ ዝምታ ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፥ የውጭ አገር ሁሉ አውሮፓ እየመሰለን ስንቱን ጎረቤታችንን ሳናውቀው ቀረን! ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ሲነገረኝ «በማን አቈጣጠር?» ብዬ ሳልጠይቅ አልለይም።