ጣቷን አቅናላት

ሊቶኒያ ስሟን ያገኘችው ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ከአትላንታ በስተምሥራቅ ያለው ይህ አካባቢ በድንጋይ ካባዎቹ የታወቀ ነውና። እኔ ግን በዚህች የድንጋይ አገር፣ ከሆስፒታል ተራዬ መልስ፣ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ የማሸው ፕላስቲሊን ነው። ቁመቷ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነች፣ ጥጥ የምትፈትል አሻንጉሊት እሠራለሁ። እናቴ ናት።

ጥበቡን ያወቅሁት በ1980 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ሶቪየት ኅብረት በሄድሁ ጊዜ ነው። ሩስኛ የተለማመድነው በቴሌቪዥን ቼቡራሽካን እያየን ነበር፤ ሮማን ካቻኖቭ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሻንጉሊት ፊልም ያመጣውን፣ በብርቱካን ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ሩቅ አገር የደረሰውን፣ የእንስሳት ማቆያው እንኳ ምንነቱን ባለማወቁ ያልተቀበለውን ጆሮ ሰፊ ፍጡር። የውጭ አገር ተማሪዎች ለምን እንደ ወደድነው ማብራሪያ አያሻም።

አሠራሩ ቀላል፣ ትዕግሥቱ ከባድ ነው። አሻንጉሊቷን በጥቂቱ አንቀሳቅሶ፣ እጅን ከካሜራው ፊት አውጥቶ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ደግሞ ማንቀሳቀስ። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶግራፍ ይፈጃል። የአዲስ አበባው ተወላጅ ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ «ሒሳብ» የተሰኘውን ፊልሙን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ በመሣል ነው፤ የቀደመው ሥዕል በተከታዩ ሥር ይቀበራል። ግሩም ሥራ ነው። እኔ ግን መቀበሩን አልወደድሁትም፤ ሽቦና ፕላስቲሊን መረጥሁ።

እናቴ ስትፈትል የሚያሳይ ፊልም የለንም። ያለን አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ በዚያም እጇን በነጠላዋ ሸሽጋለች። ልጆቼ የሚያውቋት በዚያ ብቻ ነው። ባዘቶው በግራ እጇ ከፍ ሲል፣ እንዝርቱ በጭኗ ላይ ሲሽከረከር፣ ክሩ እየቀጠነ ሲረዝም የምናስታውስ እኔና እኅቴ ነን። የጣቶቿን መገጣጠሚያዎች እንደማውቃቸው አበጀኋቸው፤ አብጠው፣ ጫፋቸው ወደ ጎን ዘምሞ። ሐኪም ስለ ሆንሁ አይደለም፤ በዚያ እጅ ስለ ጎረስሁ ነው።

ደሴ ላለችው ታላቅ እኅቴ ፎቶግራፉን ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አንተ፣ ጣቷን አቅናላት እንጂ! አሁንም ይመማት?»

«እትዬ፣ እንዲህ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። አንተስ ሐኪም አይደለህም?»

እንዲህ የጎበጠን መገጣጠሚያ የሚያቀና መድኃኒት የለም፤ ፕላስቲሊንን ግን አውራ ጣት ያቀናዋል። ሁለት ሌሊት አውራ ጣቴን አስጠጋሁ፤ መለስሁት። እንደማላቀናው ስነግራት እኅቴ ጥቂት ዝም አለች።

«እንግዲያው በመካከሉ እንዝርቱን አስቀምጣ እጇን ታሽ። ታደርገው ነበር።»

ያ ዕረፍት ሦስት ሰከንድ ነው፤ 36 ፎቶግራፍ። ትናንት ማታ አሥራ አንደኛውን አነሣሁ።