«ይጠራቀምበታል» አልኋት

እህቴ የቀለብ ውሳኔውን ግልባጭ የሰጠችኝ በ2004 ዓ.ም. ነበር፤ አራት ታጥፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። «ወንድምዓለም፣ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ቤት አይጥ ይበላዋል» አለችኝ። ልጇ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። አባትየው በወር 300 ብር እንዲቆርጥ ተፈርዶበታል። የፀዳ ከተማ ሰው ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ እኔ፣ ፊደል ቆጥሬአለሁ የምል እኔ፣ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት።

ሰውየው ሰባት ወር ከፍሎ አቆመ። እህቴ እያለቀሰች መጣች። «ተይው፣ ዕዳው ይጠራቀምበታል፤ ልጁ ሲያድግ ባንድ ላይ ይቀበለዋል» አልኋት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተሳሰረ!

ቀለብ አይጠራቀምም። ሕጉ ቀለብን የሚያየው እንደ ብድር አይደለም፣ እንደ ዕለት እንጀራ ነው። መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ የግድ የሚያስፈልግ ካልሆነ በቀር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠየቅም። አዲስ የወጣ ነገርም አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፣ በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም አለ። የእኛ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለእህቴ ሲፈረድላት አዋጁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ማንበብ እችል ነበር፤ አላነበብሁም።

በ2009 ዓ.ም. ሰውየው መተማ ሰሊጥ ሲነግድ ከርሞ አይሱዙ ገዛ። እህቴ ይህን ሰምታ ዳግመኛ መጣች። 300 ብሩ የተቆረጠው አባትየው የቀን ሠራተኛ ሳለ ነው። የቀለብ ልክ የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ስለሆነ፣ አቅሙ ሲለወጥ ማናቸውም ወገን ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። እሷ ሕጉን ሳታውቀው፣ እውነቱ ግን ገብቷት፣ «አሁን እኮ አለው» አለች። እኔ ምን አልሁ? «የልጅሽን አባት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አታንከራትቺ፤ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን።» ጨረስነውም። አንድ ኩንታል ጤፍ ላከ፤ ሁለተኛው አልመጣም።

የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍተን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤቱ የመኪናው ስም እንዳይዛወር ያግድልን ነበር። ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ቆርጦ ገቢ እንዲያደርግ ይታዘዛል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ጠበቃ ለመያዝ ገንዘብ የለንም እል ነበር፤ በአዘዞ በኩል ታክሲ ተሳፍረን ጎንደር ብንገባ ዩኒቨርሲቲው ለድኃ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ ነበር። እኔ ግን ሽምግልናዬን ወደድሁ፤ «አስታራቂ ሰው ነው» መባሉ ጣፈጠኝ። ምስጋናው ለእኔ፣ ረኃቡ ለልጁ።

አይሱዙው ተሸጠ። በ2015 ክረምት ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ እንኳን መዝገብ ለማስከፈት ለቀብር መሄድም የሚያስፈራ ቀን መጣ። በሰላሙ ጊዜ የቆለፍሁትን ወረቀት በዚያ ጊዜ ብከፍተው ምን ሊረባ።

ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የባጃጅ ረዳት ሆነ። ጤና ኮሌጁ እዚሁ ፀዳ ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሱ እኩዮቹን እያሳፈረ ሒሳብ ይቀበላል። አሁን 19 ዓመቱ ነው፤ በሕግ ፊት አካለ መጠን አድርሷል፤ ያ ውሳኔም ከእንግዲህ አይፈጸምለትም። ባለፈው ሣጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበና «ጋሼ፣ ይኼ እኔ ነኝ?» አለኝ። ስሙ ላይ ጣቱን አድርጎ።

አንባቢዬ፣ እህትህ ወይም ጎረቤትህ እንዲህ ያለ ወረቀት አደራ ብትሰጥህ አትቆልፍበት። ሦስት ወር ሳይሞላ ይዘሃት ሂድ።