የሁለት ቤት ልጆች

በአገራችን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም። ዘመድ ፍለጋ ነው። ነገር ግን ይህ ቀላል ጥያቄ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። አባታቸው ከአንድ ብሔረሰብ፣ እናታቸው ከሌላ ሆነው፣ ያደጉት ደግሞ በሦስተኛ ሰፈርና በሦስተኛ ቋንቋ ነው። ከቤታቸው እስካልወጡ ድረስ ጥያቄው እምብዛም አያስጨንቃቸውም። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ግን በመኝታ ክፍሉም፣ በምግብ አዳራሹም፣ በዕረፍት ሰዓቱም ይከተላቸዋል። ዛሬ ከእናቶችና ከሠራተኛ እኅቶቼ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገሩን ከሆሳዕና የምጀምረው ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ስለሆነች ነው። ሆሳዕናን የሚያውቅ ሰው ገበያዋን ያውቃል። ቆጮ የምትሸጠው እናት በሀዲይኛ ዋጋ ጠርታ፣ በከምባትኛ ተከራክራ፣ በመጨረሻ በአማርኛ ገንዘቡን ስትቆጥር መስማት የተለመደ ነው። ከወዲያ ጉራጊኛና ስልጢኛ ይሰማል። ሀዲይኛና ከምባትኛ ከሲዳምኛና ከጌዴኦኛ ጋር የአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ልጆች ቢሆኑም፣ አንዱን የሚናገር ሁሉ ሌላውን ይሰማል ማለት አይደለም። እኅትማማቾች ናቸው፤ ግን የየራሳቸው ቤት አላቸው።

በዚህ አካባቢ ከጎሣ ውጭ መጋባት የቆየ ወግ ስለሆነ እናት ሁልጊዜ ከሌላ ቤት የመጣች ናት። ስለዚህ ሌላ ባህል ተምሮ መኖር ለሴቶች አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም። በከምባታ ባሊሻ የሚባል ልማድ አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም፤ አለመጥራት ብቻም ሳይሆን፣ ስማቸው የሚጀምርበትን ድምፅ ይዘው የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ትታ በምትካቸው ሌላ ቃል ትጠቀማለች። በከተማ ልማዱ እየቀረ ቢሄድም፣ በቀድሞው ጊዜ ሙሽራይቱ በገዛ ቋንቋዋ ውስጥ ሌላ ቋንቋ ትማር ነበር ማለት ነው። በሁለት ቤት መካከል ተቻችሎና ተጠንቅቆ መኖርን ያስተማሩን እንግዲህ እናቶቻችን ናቸው።

አባቴ ሀዲያ ነው፤ እናቴ ከምባታ ናት። መስከረም ሲመጣ በአባቴ ወገን ያሆዴን፣ በእናቴ ወገን መሳላን እናከብራለን። አንዱ ቤት አታካና ቀርቦልን ቅቤው ከእጃችን ሳይለቅ ወደ ሌላው ቤት እንሄዳለን። ከወላጆቻችን ጋር የምንነጋገረው ግን በአማርኛ ነበር፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በአማርኛ ነበርና። ሀዲይኛውን ከአባቴ እኅቶች፣ ከምባትኛውን ከእናቴ እናት በጆሮ ለቃቅመን አደግን። እንሰማለን፤ ስንመልስ ግን ቃሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርብናል። ልጅ ሳለሁ ይህ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የነገሩኝ ጋዜጠኝነት ልማር ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ኮሌጅ ስገባ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ አካባቢ ተማሪዎች ተሰብስበው አዲስ ገቢውን ይቀበላሉ። መልካም ወግ ነው፤ የታመመውን ይጠይቃሉ፣ ገንዘብ ያጠረበትን ያበድራሉ። እኔም ወደ አንደኛው ስብስብ ሄድኩ። ሰላምታውን መለስኩ፤ ጨዋታው ሲረዝም አማርኛ ገባብኝና አንዱ ልጅ «ይቺ እንኳ የእኛ አይደለችም» ብሎ ሳቀ። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የአባቴን ጎሣ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው «እንግዳ ነሽ፣ ቡና ጠጪ» አሉኝ። ቡናውን ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሁለቱም አልተመለስኩም።

እንደ እኔ ከሁለት በር የተመለሱ ልጆች በግቢው ውስጥ ጥቂት አልነበሩም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሰባት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ማፍላት ጀመርን። አንዱ ወንጂ ተወልዶ ያደገ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም የከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ለመቁረጥ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ሠራተኛ ይሄድ እንደነበር ይታወቃል። የዚህ ልጅ አያት ከነዚያ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ፤ እናቱ ኦሮሞ ናት። ሌላዋ አባቷ ጉራጌ፣ እናቷ ሲዳማ ሆነው አዲስ አበባ መርካቶ ያደገች ናት። አንደኛው ልጅ ደግሞ የዱራሜ ነበር፤ ሁለቱም ወላጆቹ ከምባታ ናቸው። «አንተ የጎደለህ ነገር የለም፤ ከእኛ ጋር ምን ትሠራለህ?» ስንለው «የእናንተ ቡና ላይ ክርክር የለም» ይለን ነበር።

ለስብስባችን ስም አላወጣንለትም፤ ማኅተምም ሊቀ መንበርም አልነበረውም። ደንቡ ሁለት ብቻ ነበር። በመዋጮ የሚገዛውን ቡናና ስኳር ሁሉም በተራ ያመጣል፤ ተረኛ የሆነው ከቤቱ የሚያውቀውን አንድ ነገር፣ ተረትም ይሁን የምግብ አሠራር ወይም የለቅሶ ሥርዓት፣ ለሌሎቻችን ያስተምራል። ግማሽ ብቻ የሚያውቅ ግማሹን ያስተምራል። ቀሪውን ለዕረፍት ቤቱ ሲሄድ ጠይቆ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን አያቶቻችንን መጠየቅ የጀመርነው ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው።

ከመካከላችን አንዲቱ የፓዌ ልጅ ነበረች። በ1977ና በ1978 ዓ.ም መንግሥት ባካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተከል መወሰዱን አንባቢዎቼ ታስታውሳላችሁ። አባቷ ገና ጎረምሳ ሆኖ ከከምባታ ሄዶ እዚያው የወሎ ልጅ አገባ። ልጅቷ አማርኛ ተናግራ፣ የእናቷን ወግ ይዛ አደገች። በሁለተኛው ዓመት ላይ ሳለን አባቷ ሞተ። አንጋጫ አጠገብ ያሉት ዘመዶቹ መርዶውን ሰምተው «የልጃችንን ልጅ እንያት» ብለው ላኩባት። አያቷ በሕይወት ነበሩ። ልጅቷ መልእክቱን ሰምታ ሲመሻሽ ወደ እኔ መጣችና «አባቴን የማለቅስበት ቋንቋ የለኝም» አለችኝ።

የዱራሜው ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍል መልስ ያስተማራት ነበር። ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚባለውን፣ ለአያት የሚሰጠውን ሰላምታ፣ አባቷን በአባትነት ጠርታ የምታዝንበትን ቃል በፊደል ጽፎ ሰጣት። ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ ከምባትኛ ስለምሰማ አስተርጓሚ ሆንኩ። አያቷ እጇን ይዘው፣ ፊቷን ዳስሰው ብዙ ተናገሩ። እሷ ከተማረቻቸው አረፍተ ነገሮች አራቱን ተናገረች፤ በአምስተኛው ላይ እንባ አቋረጣት። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ «አትሰማም እኮ» ስትል አያቷ ቆጣ ብለው «አትቸኩሉባት፤ የልጄ ድምፅ አለባት» አሉ። ያን ዕለት ማታ ሴቶቹ በየተራ ቃል ሲያስተምሯት፣ ስትሳሳት ሲስቁ፣ እሷም አብራ ስትስቅ አመሸን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ወደ አንጋጫ ትሄድ ነበር።

ያ የቅዳሜ ቡና የሠራው ሥራ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጅቷን ካላት ቤት አንዱን እንዳታጣ አድርጓታል። እንዲህ ዓይነት ስብስብ በውጭው ዓለምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሩት ሂል ዩሲምና ባለቤቷ ጆን ዩሲም የሚባሉ አሜሪካውያን የኅብረተሰብ ጥናት ምሁራን ህንድ አገር በቆዩበት ጊዜ፣ በወላጆቻቸው ሥራ ምክንያት በባዕድ አገር የሚያድጉትን ልጆች አስተውለው «የሦስተኛ ባህል ልጆች» የሚል ስም አወጡላቸው። ከወላጆቹ ባህልና ከሚያድግበት አገር ባህል መካከል ልጁ የራሱ የሆነ ሦስተኛ ኑሮ ያበጃል ማለታቸው ነው። ዛሬ በአሜሪካም በእንግሊዝም ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዓይነት ያደጉ ተማሪዎች የሚሰበሰቡባቸው ማኅበራት ይገኛሉ። ለእኛ ልጆች ግን ሦስተኛ ባህል ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልጋቸውም፤ ከዱራሜ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ወንጂ ይበቃል።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ አይተናል። በ2012 ዓ.ም የትምህርት ዘመን በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ተማሪዎችም ግቢያቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያን ሰሞን ስልክ ይዛ ያላደረች እናት ጥቂት ናት። ሁሉም በየወገኑ በተከማቸበት ሰዓት ከሁለት ወገን የተወለደው ልጅ የሚጠጋበት ያጣል፤ የአባቱ ወገን በእናቱ፣ የእናቱ ወገን በአባቱ ይጠረጥሩታል። ግቢው ሰላም በሆነበት ቀን የተቋቋመ፣ ማንንም «የእኛ አይደለህም» የማይል አንድ ስብስብ ቢኖር፣ በክፉ ቀን የሚያስጠጋ ደጅ ይሆናል። በሰላሙ ጊዜም ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱንም ጓዳ ያውቃሉና።

ሆሳዕና ይህን ለመጀመር የሚያንሳት ነገር የለም። በቀድሞው የከተማይቱ ስም የተሰየመው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ከመላ አገሪቱ የሚመደቡ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ዱራሜም ላይ ካምፓስ አለው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ከተማዋ ሀዲያን፣ ከምባታን፣ ጉራጌን፣ ስልጤን፣ ሀላባንና ሌሎችንም ያቀፈው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ናት። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚጠራው ደግሞ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ነው። እሌኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሀዲያው ገራድ ቤት በእስልምና ተወልዳ፣ በክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ንግሥት የሆነች ሴት ናት። በልብነ ድንግል ሕፃንነት አገር ያስተዳደረችው፣ ለፖርቱጋል ንጉሥም መልእክተኛ የላከችው እሷ ናት። በሁለት ባህል መካከል ማደግ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሥራ ባልሠራች ነበር። በስሟ በተጠራው ሆስፒታል የሚማሩ ልጆች ይህን ማወቅ ይገባቸዋል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለኪነ ጥበብ፣ ለበጎ አድራጎት፣ ለሥርዓተ ፆታ ክበብ ሲያቋቁሙ ኖረዋል። ለሁለት ቤት ልጆችም አንድ ክፍልና አንድ ጀበና ቢፈቅዱ ወጪው አይከብድም። የአካባቢ ልጆች ስብስቦችም ይፍረሱ አልልም፤ ብዙ ችግረኛ ተማሪ የሚደገፈው በእነርሱ ነው። በራቸው ላይ የቋንቋ ፈተና እንዳያስቀምጡ ብቻ እለምናለሁ።

የዋናው ሥራ ባለቤት ግን እናት ናት፤ አባትም ከዚህ አያመልጥም። ብዙ የከተማ እናቶች «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል፤ አማርኛውን አጥርቶ ይናገርልኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ሕፃን ልጅ ሁለትም ሦስትም ቋንቋ አብሮ መያዝ እንደሚችል የሆሳዕና ገበያ ራሱ ምስክር ነው። መጀመሪያ ላይ ቃላቱን ቢቀላቅልም እያደገ ሲሄድ ይለያቸዋል። እናት በራሷ ቋንቋ፣ አባትም በራሱ ሳያቋርጡ ቢያነጋግሩት ልጁ ሁለቱንም ይይዛል፤ የሰፈሩን ቋንቋ ከጓደኞቹ ይማራል። ሥራ ውላ የምትገባ እናት ጊዜ የለኝም ብትል እውነቷን ነው፤ ሆኖም ልጅ ሲያጥቡ፣ ሲያበሉ፣ ሲያስተኙ የሚነገረው ቃል ተጨማሪ ጊዜ አይጠይቅም።

አያቶችንም አንርሳ። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎች ለማስተማሪያነት ሲውሉ ሀዲይኛና ከምባትኛም ነበሩበት፤ ይጻፉ የነበረውም በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት እነዚህን ቋንቋዎች የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ማንበብ የተማሩ አያትና የዛሬ የልጅ ልጅ አንድ ቋንቋ እያላቸው አንዱ የጻፈውን ሌላው ላያነብ ይችላል። መገናኛቸው አንደበት ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ልጆቹን ለሁለት ሳምንት ወደ አያት ቤት መላክ ይህን አንደበት ያቆይላቸዋል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ለዘመድ ሲልኩ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ያስቡበት፤ ስልክ ሲደውሉ ልጁ በአያቱ ቋንቋ እንዲያወራ ያድርጉ።

በመጪው መስከረም ልጆቻችንን አዲስ ልብስ አልብሰን ወደ በዓሉ ስንወስዳቸው፣ ዘንድሮ በአንደኛው ወገን ቤት ብቻ እንዳናስቀራቸው አደራ እላለሁ። ዛሬ ሁለቱንም ደጃፍ የለመደ ልጅ ነገ ሻንጣውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከማንም በር አንገቱን ደፍቶ አይመለስም።